ከዞኮሎው በስተጀርባ

የንባብ ክፍል፦ ዘሌዋውያን 14፥33-53



ኦሪት ዘሌዋውያን ላይ ስንደርስ ብዙዎቻችን ቶሎ ቶሎ ገጽ እንገልጣለን። መሥዋዕቱ፣ ደሙ፣ ርኩሱና ንጹሑ ሲደራረብብን ለዛሬ ኑሯችን የሚሆን ነገር ያለበት አይመስለንም። በተለይ ምዕራፍ 14 ስለ ቤት ለምጽ መናገር ሲጀምር ግራ እንጋባለን። ሰው ይለምጻል፤ ቤት ደግሞ እንዴት ይለምጻል? ከእኛ አንዱ ይህን ክፍል በሥነ መለኮት ኮሌጅ ሳለ ለፈተና አጥንቶታል። ሁለታችንም ከልባችን ያነበብነው ግን በ2011 ዓ.ም. መንዝ ቀየት ላይ፣ የእናታችንን ሳሎን ዞኮሎ በነቀልንበት ሰሞን ነው።

“እኛ” እያልን የምንጽፈው ሥራውን ባልና ሚስት ሆነን ስለ ሠራነው ነው። አንዳችን መጋቢ፣ አንዳችን መምህርት ነን። አናጢዎች አይደለንም። ያየነውንና ቃሉ ያስተማረንን ግን እንድትካፈሉ ወደድን።

ዞኮሎ ምንድን ነው?

ዞኮሎ ወለልና ግድግዳ በሚገናኙበት ቦታ፣ በግድግዳው እግር ዙሪያውን የሚመታ ጠባብ ጣውላ ነው። ስሙ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ጣውላ፣ ሊሾ፣ ፌሮ እንደምንላቸው ቃላት ሁሉ ከግንበኞችና ከአናጢዎች ጋር ገብቶ የእኛ ሆኖ ቀርቷል። ሥራው ሁለት ነው። ወለልና ግድግዳ ልክክ ብለው ስለማይገጥሙ በመካከላቸው የሚቀረውን ክፍተት ይሸፍናል። ደግሞም መጥረጊያ፣ ወንበርና ጫማ እንዳይጎዱት የግድግዳውን እግር ይጠብቃል። መሸፈኑ በራሱ ክፋት የለበትም፤ ቤት ያለ ዞኮሎ ያላለቀ ይመስላል።

በቀድሞው የመንዝ ቤት ግን ዞኮሎ የለም። ግድግዳው በድንጋይና በጭቃ ይገነባል፤ ከውስጥ ጭድ በገባበት ጭቃ ይመረጋል፤ በላዩ እበት ይለቀለቃል። በግድግዳው ሥር መደብ ይሠራል። ያን መደብና ያን የግድግዳ እግር እናቶች በየጊዜው በእጃቸው ይለቀልቁታል። ስለዚህ ግድግዳው ቢረጥብ፣ ቢሰነጠቅ፣ ቢቦረቦር መጀመሪያ የሚያውቀው የእናት እጅ ነበር። ዞኮሎ ሲመጣ ቤቱ አማረ፤ ነገር ግን ያ በእጅ እየዳሰሱ ማወቅ ቀረ።

የአባታችን እጅ

አባታችን ቤቱን ያቆሙት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። ጣሪያው የጓሳ ሣር ነበር። በ1974 ዓ.ም. የጓሳው ክዳን በቆርቆሮ ተተካ፤ ሳሎኑም ከብርዱ የተነሣ ጣውላ ለበሰ። ወለሉ ባሕር ዛፍ ነው፤ ዞኮሎው ጥድ። ጥዱን አባታችን ራሳቸው ልገው፣ ራሳቸው ቆርጠው፣ ራሳቸው መቱት። ከእኛ ባልየው ያኔ የ10 ዓመት ልጅ ነበር፤ ማታ ማታ ሲሠሩ ኩራዝ ይዞ አብርቶላቸዋል።

ያ ልጅ አድጎ ለትምህርት አዲስ አበባ ሄደ፤ እዚያም የወንጌልን ቃል ሰምቶ ጌታን ተቀበለ። አባታችን በዚህ እስከ ዕለተ ሞታቸው አዝነው ነበር። ታላቅ ወንድማችን ጋሼ ግን ከአባታችን ሃይማኖትም ከአባታችን ቤትም አልራቁም። እርሻውን ያርሳሉ፤ ሰንበቴያቸውን ይጠጣሉ፤ እናታችንን ይጦራሉ። እኛ ለበዓል ስንሄድ በክብር ያስተናግዱናል፤ ስለ እምነት ግን አንነጋገርም። ሠላሳ ዓመት ያህል እንዲሁ ኖረናል። ላዩ ያማረ ሰላም ነበር።

እማማ ያን ጊዜ 80 ዓመት አልፏቸው ነበር። ደረታቸውን ያማቸዋል፤ ሌሊት ሌሊት ያስላቸዋል። አልጋቸው በሳሎኑ ምዕራባዊ ግድግዳ ሥር ነው። የጤና ጣቢያው ባለሙያ ስለ ክፍሉ ጠይቀው እርጥብ መሆኑን ሲሰሙ፣ መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም፣ ክፍሉ መድረቅ አለበት አሏቸው። ወደ እኛ እንውሰድዎ ብንላቸው እማማ እምቢ አሉ። ስለዚህ ግድግዳውን ለማዳን መጣን። ዞኮሎው መነቀል አለበት ስንል ግን ጋሼ ፊታቸው ተለወጠ።

“ሃይማኖቱን ጥላችሁ ሄዳችሁ። አሁን ደግሞ እንጨቱን ልትነቅሉ መጣችሁ?” አሉን።

ያ ቃል የዚያን ቀን ቃል አልነበረም። ሠላሳ ዓመት ከዞኮሎው በስተጀርባ የቆየ ነበር።

ባለቤቱ ይናገር

ወደ ዘሌዋውያን እንመለስ። በምዕራፍ 14 ቁጥር 35 ላይ ነገሩ የሚጀምረው ከካህኑ አይደለም፤ ከቤቱ ባለቤት ነው። ባለቤቱ ራሱ ወደ ካህኑ መጥቶ በቤቱ ውስጥ ደዌ የሚመስል ነገር እንዳየ ይናገራል። ልብ እንበል፤ ቤቴ ለምጿል ብሎ አይፈርድም፤ የሚመስል ነገር አየሁ ነው የሚለው። መርምሮ መፍረድ የካህኑ ነው። የባለቤቱ ድርሻ ያየውን አለመደበቅ ነው።

በእኛ ቤት መጀመሪያ የተናገሩት እማማ ናቸው። “ይኸ ግድግዳ ሌሊት ሌሊት ያልበዋል” ይሉ ነበር። ሰው የሚያየው ነገር ግን አልነበረም። ዞኮሎው በየዓመቱ ለትንሣኤ ቀለም ስለሚቀባ ያብረቀርቃል። ከዞኮሎው በላይ ቀለሙ እዚህም እዚያም ማበጡ፣ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ማውጣቱ ብቻ ይታይ ነበር። ቀርበን ጣውላውን በአውራ ጣታችን ስንጫነው ጣታችን ሰመጠ። ቀለሙ እንጨቱን ይዞት እንጂ እንጨቱ ራሱን አልያዘም ነበር።

ቁጥር 36 ላይ ደግሞ አንድ የምሕረት ሥርዓት አለ። ካህኑ ከመግባቱ በፊት በቤቱ ያለው ዕቃ ሁሉ እንዲወጣ ያዛል፤ ቤቱ ርኩስ ከተባለ ዕቃው አብሮ እንዳይረክስ። እግዚአብሔር ለምጹን ሲፈልግ የድሀውን ምጣድና ምንጣፍ ሊያጠፋበት አልወደደም። ስለዚህ እኛም አስቀድመን ክፍሉን ባዶ አደረግን። ሳጥኑን፣ ቁርበቱን፣ የእማማን ባና አወጣን። ከአልጋው በላይ የእመቤታችን ሥዕል ተሰቅሏል። ጋሼ እጃችንን ይመለከቱ ነበር። እኛ ሥዕሉን አልነካንም፤ ወንበር አምጥተን ያዝንላቸውና እሳቸው ራሳቸው አወረዱት። በነጠላ ጠቅልለው ወደ ጓዳ ወሰዱት። ተመልሰው ሲመጡ “እሺ፣ ጀምሩ” አሉ።

አነቃቀሉ

ዞኮሎ በጉልበት አይነቀልም። መጀመሪያ በጣውላውና በግድግዳው መካከል ያለውን የቀለም መስመር በቢላዋ መሰንጠቅ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ጣውላው ሲላቀቅ ልስኑን ይዞ ይወርዳል። ከዚያ ከጥግ ይጀመራል። ሰፊ መሮ ከጣውላው ጀርባ ይገባል፤ ከመሮውና ከግድግዳው መካከል ቁራጭ እንጨት ይደረጋል፤ አለዚያ መሮው ግድግዳውን ይቦድሰዋል። ሚስማር ባለበት ሁሉ ጥቂት በጥቂት ይለቀቃል፤ መሐሉን ይዞ የሚጎትት ሰው ይሰብረዋል። ሚስማሩም በጉጠት ከጀርባ በኩል ይሳባል፤ ከፊት ቢመታ የጣውላውን ፊት ይሰነጥቃል።

ጣውላዎቹ 14 ነበሩ። ቦታቸውን እንዳንስት ቁጥር ልንጽፍባቸው እርሳስ አዘጋጅተን ነበር። የመጀመሪያውን ገልብጠን ስናየው ግን ቁጥር ተጽፎበታል፤ በአባታችን እጅ፣ በግእዝ ቁጥር። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። ምናልባት ያን ጊዜ ለክተው ሲገጥሙ እንዳይምታታባቸው ጽፈውት ይሆናል። ጋሼ አንዱን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰዱትና ብዙ ቆዩ። “በቁጥር የመታውን በቁጥር እንመልሰው” አሉ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሥራው የሦስታችን ሆነ።

ከ14ቱ 9ኙ ደኅና ነበሩ። ከ37 ዓመት በኋላ እንኳ ሲላጉ የጥድ ሽታ ይሸቱ ነበር። በምዕራቡ ግድግዳና በጥጉ የነበሩት 5ቱ ግን ከጀርባቸው በስብሰዋል። ሚስማሩን እንዲይዙ በድንጋዮቹ መካከል የተመቱት የእንጨት ሽብልቆች በጣት ሲነኩ እንደ ትንባሆ ይረግፉ ነበር። ከኋላቸው ያለው ጭቃ ጠቁሮ ሻግቷል። ሽታው ክፍሉን ሞላው። እማማ ከደጅ ሆነው “ይኸ ነው ሲያንቀኝ የኖረ” አሉ።

ውሃው ከየት መጣ?

ጥዱ በራሱ አልበሰበሰም። ውሃ አበሰበሰው። ውሃው ከየት እንደመጣ ሳያውቁ አዲስ ጣውላ መምታት ለሚቀጥለው ብስባሽ ማገዶ ማዘጋጀት ነው። ስለዚህ ከክፍሉ ወጥተን ቤቱን ዞርነው። ሦስት ነገር አገኘን።

አንደኛው ጣሪያው ነው። የጓሳ ክዳን ጠርዙ ከግድግዳው ብዙ ራቅ ብሎ ይወርድ ስለነበር የዝናቡ ጠብታ ከመሠረቱ ርቆ ይወድቅ ነበር። ቆርቆሮ ውድ ነውና ሲቆረጥ ጠርዙ አጠረ፤ አሸንዳም አልነበረውም። ክረምት በመጣ ቁጥር የጣሪያው ውሃ በሙሉ በግድግዳው እግር ላይ ይወርድ ነበር።

ሁለተኛው የደጁ መሬት ነው። አመድ፣ ጥራጊና የፈረሰ ጭቃ ዓመት በዓመት እየተከመረ በምዕራብ በኩል ያለው መሬት ከሳሎኑ ወለል በአንድ ስንዝር ከፍ ብሏል። ግድግዳው እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ቆሟል።

ሦስተኛው ያልጠበቅነው ነበር፤ ሲሚንቶው። ከዓመታት በኋላ አባታችን ቤቱ እንዲያምርና እንዲጠነክር ብለው ግድግዳውን ከውጭ በሲሚንቶ አስለስነውት ነበር። ጭቃ ግን ይተነፍሳል፤ የጠጣውን ውሃ በፀሐይና በነፋስ መልሶ ያወጣል። ሲሚንቶ ከውጭ ሲዘጋበት ከመሬት የሳበው ውሃ መውጫ ያጣና ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ ከዞኮሎው ጀርባም ይጠራቀማል። ከውጭ ለጥንካሬ የተደረገው ሽፋን እርጥበቱን ወደ እማማ አልጋ ነዳው።

ወገኖች ሆይ፣ በዚህ ላይ ጥቂት እንቁም። በየቤታችንና በየጉባኤያችን የበሰበሰ ነገር ሲታይ የምንቸኩለው ጣውላውን ለመቀየር ነው። የመዘምራን መሪው ይቀየራል፤ ኮሚቴው ይቀየራል፤ ባልና ሚስት ሰፈር ይቀይራሉ። ከሁለት ክረምት በኋላ አዲሱም ጣውላ ይሸታል። ውሃው አልተነካማ! ከምንዝርና ከስርቆት በፊት፣ ከጠብና ከመለያየት በፊት፣ ቀስ በቀስ ከመሬት የሚሳብ አንድ ነገር አለ፤ ያልተነገረ ቅያሜ፣ ሰው እንዳያይብን የለሰንነው ፍርሃት፣ የማንጸልይበት የገንዘብ ነገር። ጌታ ራሱ በማርቆስ 7 ሰውን የሚያረክሰው ከልብ የሚወጣው እንደ ሆነ ያስተማረው ለዚህ ነው። የበሰበሰውን ጣውላ ስናይ ይኸ ጣውላ ምን ነካው ብቻ ሳይሆን ውሃው ከየት ነው የመጣው ብለን እንጠይቅ።

የተዘጋ ቤት

ካህኑ ደዌውን ካየ በኋላ ወዲያው አያፈርስም። ቤቱን ለሰባት ቀን ይዘጋዋል፤ ከዚያ ተመልሶ ያየዋል። የእግዚአብሔር ቃል እዚህ ላይ አይቸኩልም።

መዝጋትን የመንዝ አባቶች ያውቁታል። ያን የጓሳ ሣር የጠበቁት በመዝጋት ነው። በቄሮ ሥርዓት ሜዳው ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣር የሚያጭድም ከብት የሚያሰማራም አይገባም። ሣሩ ሲደርስ በአንድነት ይከፈታል። ሥርዓቱ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ፈረሰ፤ የአካባቢው ሕዝብ ግን ያን ሜዳ መጠበቅን ጨርሶ አልተወም። የተዘጋ ነገር የተተወ አይደለም፤ እንዲድን የተጠበቀ ነው።

እኛም ዘጋን። በኅዳር አጋማሽ የደጁን አፈር ከወለሉ በታች እስኪሆን ቆፍረን አወረድን፤ ውሃውን የሚያርቅ ቦይ አወጣን፤ አሸንዳ ሰቀልን። በምዕራብ በኩል ሲሚንቶውን ከታች እስከ ወገብ ድረስ ፈለጥነው። ከውስጥ የሻገተውን ጭቃ እስከ ድንጋዩ ፋቅነው። ፈራርሰው የተንጠለጠሉትን ጥቂት ድንጋዮችም አወጣን። ከዚያ መስኮቱንና በሩን ቀን ቀን ከፍተን ለነፋስ ተውነው። እማማ ወደ ጋሼ ጓዳ ተዛወሩ። ሥራውን የቀጠልነው በጥር መጨረሻ ነው፤ 10 ሳምንት ያህል።

በመካከል ገና መጣ፤ ጥምቀትም መጣ። እንግዳ ወደዚያ ሳሎን ነው የሚገባው። ግድግዳው እግሩ ተገፎ ድንጋዩ ይታያል። ጋሼ አፈሩ። “ለበዓሉ እንኳ አሮጌውን መልሰን እንለጥፈው፤ በኋላ ይነቀላል” አሉ። እውነት ለመናገር ሐሳቡ እኛንም አጓጓን። በመጨረሻ ግን ጋሼ ራሳቸው ግድግዳውን በእጃቸው ዳሰው “ገና ነው፤ አልደረቀም” አሉና ተዉት። እንግዶቹ መጡ፤ ያልተጌጠውን ግድግዳ እያዩ ጠላቸውን ጠጡ። ማንም አልሞተም። እንዲያውም አንድ ጎረቤት ግድግዳውን ሲዳስስ ቆይቶ “የኔም ቤት እንዲህ ሳይሆን አይቀርም” አለ።

ስንት ጊዜ ለበዓል ተብሎ ዕርቅ ይለጠፋል! ኮንፈረንስ ደርሷል፣ እንግዳ ሰባኪ ይመጣል ተብሎ የተጣሉ አገልጋዮች መድረክ ላይ ይተቃቀፋሉ። ግድግዳው ግን አልደረቀም። ወንድሞችና እኅቶች፣ እርጥብ ግድግዳ ላይ የተመታ ዕርቅ ዕርቁን ራሱን ያበሰብሰዋል። መዘግየት ሁሉ እምቢታ አይደለም። አንዳንዱ መዘግየት ለመድረቅ ነው።

የተመታው ብቻ

ደዌው ቢሰፋ ካህኑ የሚያዘውን በቁጥር 40 እስከ 42 አንብቡ። ደዌው ያለባቸው ድንጋዮች ይወጡና ከከተማው ውጭ ይጣላሉ፤ የተፋቀው ጭቃም እንዲሁ። በቦታቸው ሌሎች ድንጋዮች ይገባሉ፤ ቤቱም በሌላ ጭቃ ይመረጋል። ቤቱ ሙሉ በሙሉ የሚፈርሰው ይህ ሁሉ ተደርጎ ደዌው ከተመለሰ ብቻ ነው። የሚወጣው የተመታው ድንጋይ ነው፤ ያልተመታው በቦታው ይቆያል።

የጋሼን ቃል ያሰብነው በዚህ ላይ ሆነን ነው። ወንጌልን የተቀበልን ሰዎች ከአባቶቻችን ቤት ምን እንደወጣ እንናገራለን፤ ምን እንደቀረ ግን እምብዛም አንናገርም። ከእኛ ባልየው ፊደል የቆጠረውም ዳዊት የደገመውም በአባታችን ጉልበት ሥር ነው። እግዚአብሔርን መፍራት፣ ለእንግዳ መነሣት፣ ሳይጸልዩ እንጀራ አለመቁረስ፣ የሰው ድንበር አለመግፋት ከዚያ ቤት የመጡ ናቸው። እነዚህ እስከ ዛሬ የጥድ ሽታ አላቸው። በክርስቶስ ብቻ፣ በጸጋው ብቻ እንደምንድን እናምናለን፤ በዚህ አንደራደርም። ያ እምነት ግን ደኅናውን ጣውላ ሁሉ እሳት ላይ እንድንጥል አላዘዘንም። የአባት ነው ብለን የበሰበሰውን አናቆይ፤ የአባት ነው ብለን ደግሞ ጤነኛውን አንጣል።

ይህን ለጋሼ የነገርናቸው ጭቃ እየረገጥን ነበር። ዝም ብለው ሰሙ። ቆይተው “አባባ ይህን ሰምቶ ቢሆን” አሉ። ሌላ አልጨመሩም፤ እኛም አልጨመርንም።

ጭድ ያለበት ጭቃ

ሕዝቅኤል ምዕራፍ 13 ላይ ሰላም ሳይኖር ሰላም እያሉ ስለሚሰብኩ ነቢያት ይናገራል። ሕዝቡ ደካማ ግድግዳ ሲሠራ እነርሱ ይለስኑለታል። የቀድሞው የአማርኛ ትርጉም ልስናቸውን ገለባ የሌለበት ጭቃ ሲለው፣ ሌሎች ትርጉሞች ኖራ ይሉታል። በዕብራይስጡ ያለው ቃል ታፌል ነው፤ በኢዮብ 6፥6 ጨው የሌለውን፣ ጣዕም የሌለውን ምግብ ለመግለጽ የገባው ይኸው ቃል ነው። ለዓይን ልስን ነው፤ የሚይዝ ነገር ግን የለውም። የአማርኛው ተርጓሚዎች ገለባ ማለታቸው ጭቃ ለሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ጭድ የሌለበት ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ሲመጣ ይናዳል።

ጋሼ ጭቃውን ከጭድ ጋር ለቀናት አቡክተው፣ በእግራችን አስረግጠው ደጋግመው አስገለበጡን። አንዴ በወፍራሙ መምረግ አይፈቅዱም፤ ስስ አድርጎ፣ አድርቆ፣ እንደገና። ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ አዲሱን ምርጊት ማታ ማታ በጆንያ እንሸፍነው ነበር።

ለ5ቱ ቦታ ከደብረ ብርሃን የዋንዛ ጣውላ አመጣን። ሽብልቆቹን በደረቅ ጥድ ተካን። አዲሶቹን ጣውላዎች ፊታቸውን ብቻ ሳይሆን ጀርባቸውንና ጫፋቸውንም ዘይት ቀባን፤ እርጥበት የሚጀምረው ከማይታየው በኩል ነውና። ጥጉ ላይ ስንደርስ ስኳድራው አልሠራም። የድንጋይ ቤት ጥጉ 90 ዲግሪ አይሆንም፤ ሁለቱን ጣውላዎች 45 አድርገን ብንቆርጣቸው አፋቸውን ከፍተው ይቀራሉ። ጋሼ የአባታችንን ዘዴ አሳዩን። አንደኛው ጣውላ እስከ ግድግዳው ድረስ ቀጥ ብሎ ይገባል፤ ሁለተኛው ጫፉ በመጀመሪያው ቅርጽ ተቆርጦ በላዩ ይገጥማል። በዚያ ቤት ሰባኪው እኛ ብንሆንም መምህሩ እሳቸው ነበሩ።

ዋንዛው ከጥዱ ይልቅ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ነው። ቀለም ቀብተን እናመሳስለው ይሆን ብለን ጠየቅን። ጋሼ “አይ፤ የትኛው አዲስ እንደ ሆነ ይታይ። ነገ ቢያብጥ ቶሎ እናየዋለን” አሉ። ዛሬ ወደዚያ ሳሎን የሚገባ ሰው 9ኙንና 5ቱን መለየት ይችላል።

ከከተማ ውጭ

ነገሩ በጭቃና በጣውላ ቢያበቃ ጥሩ የግንባታ ትምህርት ሆኖ ይቀር ነበር። ዘሌዋውያን ግን እዚህ አያበቃም። ቤቱ ከተጠገነና ደዌው ካልተመለሰ በኋላ እንኳ ካህኑ ሁለት ወፎች፣ የዝግባ እንጨት፣ ቀይ ግምጃና ሂሶጵ ይወስዳል። አንዷ ወፍ በሸክላ ዕቃ ውስጥ ባለው የምንጭ ውሃ ላይ ትታረዳለች። ሕያዋ ወፍ በዚያ ደምና ውሃ ትነከርና ከከተማ ውጭ ወደ ሜዳ ትለቀቃለች። ለቤቱ ማስተሰረያ የሚሆንለት እንዲህ ነው። ባለቤቱ የቱንም ያህል ቢፍቅና ቢመርግ፣ በመጨረሻ ንጹሕ የሚያሰኘው በሌላው ላይ የወረደው ሞት ነው።

የተመቱት ድንጋዮች ወዴት ተጣሉ? ከከተማ ውጭ፣ ወደ ርኩሱ ስፍራ። የዕብራውያን ጸሐፊ በምዕራፍ 13 ቁጥር 12 ላይ ጌታችን ኢየሱስ መከራን የተቀበለው ከበር ውጭ እንደ ሆነ ይነግረናል። ንጹሑ ድንጋይ፣ ምንም ደዌ ያልነበረበት፣ የተመቱት ድንጋዮች ወደሚጣሉበት ስፍራ ወጣ። እኛ በቤቱ ውስጥ እንድንቀር እርሱ ተጣለ። በደሙ የተነከርን እኛ ደግሞ እንደዚያች ወፍ ተለቀቅን። እንግዲህ ዞኮሎአችንን ለማንሣት የምንፈራው ለምንድን ነው? ከበስተጀርባው የሚገኘውን ሁሉ እርሱ አስቀድሞ አይቶታል፤ ዋጋውንም ከፍሎበታል።

የካቲት ሲገባ አልጋው ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ጋሼም ሥዕሉን መልሰው ሰቀሉ። በዚያ ማታ እማማ የጌታን ጸሎት በግእዝ፣ እኛ በአማርኛ አብረን ጸለይን፤ ጋሼ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመው ነበር። የእማማ ሳል ፈጽሞ ባይጠፋም ቀነሰ። ጋሼ አሁንም ወደ ጉባኤያችን አይመጡም፤ በብዙ ነገር እንለያያለን። ነገር ግን አሁን ስለ እምነት እንነጋገራለን፤ አንዳንዴም ድምፃችን ከፍ ይላል። በየክረምቱ ደግሞ ይደውላሉ፤ “አሸንዳውን ጠረግሁት፤ ግድግዳው ደረቅ ነው” ይሉናል።

በዚህ ሳምንት፣ አንባቢ ሆይ፣ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በጌታ ፊት ይዘህ ቅረብ፤ አንቺም እኅቴ እንዲሁ። በቤቴ ግድግዳው ያልበዋል ብሎ የነገረኝ፣ እኔም ያልሰማሁት ማን ነው? ቀለም እየቀባሁበት የኖርሁት ጣውላ የትኛው ነው? ውሃውስ ከየት ይመጣል? መልሱን ከምታምኑት አንድ ሰው ጋር ተነጋገሩበት። ክፍሉ ለጥቂት ጊዜ ባዶ ሆኖ ቢታይ አትፈሩ።

እንጸልይ። የሰማይ አባታችን ሆይ፣ አንተ የምንሸፍነውን ታውቃለህ። የተመታውን እንድናወጣ ድፍረት፣ ደኅናውን እንድንጠብቅ ማስተዋል፣ እስኪደርቅም እንድንጠብቅ ትዕግሥት ስጠን። ከተለየናቸው ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ጋር በእውነት የምንቀመጥበትን ቤት ሥራልን። ስለ እኛ ከበር ውጭ በወጣው በልጅህ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።